ምላሱ ቀድሞ ሄደ

ወንድሜ ታምሞ የሞተው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ከሰኔ እርሻ እስከ ሌላው ሰኔ እርሻ። ሰው ሲያወራው «ቀስ በቀስ እየደከመ ሄደ» ይላል፤ ውሸት ነው። ቀስ ብሎ የሄደ ነገር አላየሁም። ዛሬ ያነሣውን ነገ አያነሣውም፤ ነገ የዋጠው ከነገ ወዲያ ያንቀዋል። እኔ ከጎኑ ነበርሁ፤ ከጎኑ ሆኜም ዘገየሁ። ይህን የምጽፈው ስለ መዘግየቴ ነው እንጂ ስለ ደግነቴ አይደለም። ደግ ሰው አይደለሁም።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሁለት ጎጆ፣ አንድ አጥር። ወንድሜ በሁለት ክረምት ይበልጠኛል። እሱም አንድ በሬ አለው፣ እኔም አንድ በሬ አለኝ፤ በመቀናጆ ነበር የምናርሰው። አንድ ቀን የእሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን። የእኔ በሬ ያለ እሱ በሬ ሥጋ ነው፤ የእሱም ያለ እኔ እንደዚያው።

በዚያ ሰኔ የእሱን ማሳ ስናርስ ጅራፉን አንሥቶ ወዘወዘው፤ አልጮኸም። ደገመው፤ እንደ እርጥብ ገመድ መሬት ላይ ወደቀ። በሬዎቹ እንኳ ዘወር ብለው ያዩት መሰለኝ።

«አንተ፣ ሚስትህ ቁርስ ከልክላህ ነው?» አልሁት።

«እጄ ተኝቶብኝ ነው።»

«እንግዲያው አንተም ሂድና አብራችሁ ተኙ፤ እርሻውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሳቅን። እሱም ሳቀ። እርፉን ተቀበልሁትና ዋልሁበት፤ ማታ ሁለታችንም ረሳነው።

ለመስቀል እጁን አየሁት። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል የነበረው ሥጋ ሟሙቶ ባቄላ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ሆኗል። ክንዱ ላይ ደግሞ፣ እሱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ከቆዳው ሥር ሥጋው ብቻውን ይርገበገባል። «ያምሃል?» ስለው «ምንም አያመኝም» አለ። እውነቱን ነበር። ቢያመው ኖሮ ቶሎ እንደነግጥ ነበር። እኛ የምንፈራው የሚያስጮኸውን ነው፤ ዝም ብሎ የሚበላውን አናውቅም።

በኅዳር አጨዳ፣ ወንፈል ወጥተን፣ ማጭዱ ሦስት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከማሳው ዳር ቆሞ ያይ ነበር። የሚሊሺያ ምልመላ የነበረበት ወቅት ነው።

«ስም ሲጠራ እጅ ይሰንፋል፤ መኪናው ሰው ጭኖ ሲሄድ ይድናል። ይህን እናውቀዋለን» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ።

ወንድሜ ማጭዱን ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አነሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው የሰነፍሁ። ጠመንጃ ብይዝ አፈሙዙን መጀመሪያ ወዴት እንደማዞረው እኔም አላውቀው!»

አጫጆቹ ማጭዳቸውን አቆሙ። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣ ሁሉም ተከተለው፤ ሊቀመንበሩም ከመቆጣት መሳቅ ሻለው መሰል ሳቀ። ወንድሜ እንዲህ ነበር። ሌላው ሰው በሽማግሌ የሚጨርሰውን እሱ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ከእጁም ከእግሩም ይልቅ ሰው የሚያውቀው በአፉ ነበር።

በጥር ሠርግ ላይ አፉ ተነካ። ሙሽራውን ሊመርቅ ተነሥቶ ቃሉ ተጎተተበት። «ጠላው ገና ሳይቀዳ ይሄ ከየት ጠጥቶ መጣ?» ተባለ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠም፤ ቁጭ አለ። መልስ ሳይሰጥ ሲቀመጥ ሳየው ነው መጀመሪያ የፈራሁት። በሳምንቱ ሚስቱ ይዛው ጣራ ገዳም ወረደች፤ ሁለት ሱባኤ ተጠመቀ። ሲሄድ በእግሩ ነበር፤ ሲመለስ በዱላና በሚስቱ ትከሻ።

የካቲት ላይ ከማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ በቅሎ ላይ አስረን፣ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ለጋ ወጣት ነው፤ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገው። ምላስህን አውጣ አለው። ምላሱ ተሸብሽቦ፣ እንደ ተቆረጠ የእንሽላሊት ጭራ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ብዙ አየው። ከዚያ እሱንና ሚስቱን ወደ ውጭ ልኮ እኔን አስቀረኝ።

«ወንድሙ ነህ?»

«ነኝ።»

«የነርቭ በሽታ ነው። ሥጋውን የሚያዘው ነርቭ እየሞተ ነው። መድኃኒት የለውም።»

«አዲስ አበባስ?»

«የትም የለም። አንዳንዱ ዓመታት ይቆያል፤ የእሱ ግን ፈጥኗል። ምላሱ ቀድሞ ይሄዳል። ልቡናው አይነካም፤ እስከ መጨረሻው ይሰማል፣ ያያል። ስለዚህ የሚናገረው ካለ አሁን ይናገር። ለመናገር ሳምንታት ቢኖሩት ነው። ንገረው።»

ንገረው! ለእሱ ቀላል ነው። በእኛ አገር የሌላውን ሰው ሞት እንኳ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚያረዱት። ለሰው የራሱን ሞት የሚያረዳ ማን አለ? ካህንና ሽማግሌ ጠርቶ «ተናዘዝ» ማለት «ሙት» ማለት ነው። ሚስት ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ሰውየው በቁሙ ይለቀስለታል። ሰበቤ ይህ ነው። ሰበብ ነው የምለው እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላዋለሁ።

ወጣሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ጋቢውን ይዛለታለች።

«ምን አለ?» አለኝ። ትኩስ ድንች የጎረሰ ይመስል ነበር።

«ብርድ ነው አለ። ነርቭህን ብርድ መትቶታል። ቫይታሚን ሰጥቶሃል፤ ለፋሲካ ትነሣለህ።»

«ብርድ?»

«ብርድ።»

«ብርድ ከሆነ እኔን ለምን አስወጣኝ?»

ጥያቄው ልክ ነበር፤ ጭንቅላቱ እንደ ድሮው ነው። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን አልሁ። «የወረቀት ነገር ነበረው። ማንበብ የሚችል ፈልጎ ነው።»

ከሁለት ዓመት በፊት በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ እኔ ጢሜን ይዤ ከሕፃናት ጋር ሀሁ ስል፣ እሱ «በሬህንም አስመዝግበው እንጂ» እያለ ይሥቅብኝ ነበር፤ በትምህርቱ ሰዓት እንጨት ፍለጋ እያለ ጫካ ይገባል። አሁን ወረቀት ስልበት መልስ አጣ። ያልተማረ ሰው ወረቀት ሲሉት ይረታል፤ እኔም ስረታ ኖሬ አውቀዋለሁ። ያስተማሩኝን ፊደል መጀመሪያ ለትልቅ ጉዳይ ያዋልሁት ወንድሜን ለመዋሸት ነው። ሐኪሙ ሰጥቶኝ በኪሴ የነበረው ወረቀትም በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ስለነበር አንድ ቃል አላነበብሁለትም።

ከዚያ በኋላ ጾሙ ገባ፤ በየሱባኤው አንድ ነገር ይሄዳል። በመጀመሪያው፣ እንጀራ መቁረስ። በሁለተኛው፣ መቆም። በሦስተኛው ውኃ ትን እያለው አጥሚት በማንኪያ ማጠጣት ጀመርን። ንግግሩን እኔ መለየት አቃተኝ፤ ሚስቱ ብቻ ትሰማዋለች፣ ለእኔ ትተረጉማለች። ከዚያ እሷም ግማሹን ትገምት ጀመር።

በሰሙነ ሕማማት አስጠራኝ። መደቡ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። አፉን ከፈተ፤ ላቡ እስኪወርድ ታገለ።

«ሽማግሌ ነው የሚለው» አለች ሚስቱ። «ሽማግሌ ጥራልኝ ነው የሚልህ።»

እኔም ሰምቼዋለሁ። ያችን ቃል እሷ ሳትተረጉምልኝ ሰምቻታለሁ። «ለፋሲካ ትነሣለህ አላልሁህም? ሽማግሌ ምን ያደርግልሃል? ልታጋባ ነው?» አልሁና ሳቅሁ። በማግሥቱም ጠራኝ፤ ያንኑ አለ፤ ያንኑ መለስሁ። ዓርብ ሰዉ ስግደት ውሎ ሲመለስ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራኝ። «ከፋሲካ በኋላ» አልሁት።

ፋሲካ ዋለ። በዳግማይ ትንሣኤ ከአፉ የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ጥጃ የተለየባት ላም የምታወጣው ዓይነት። ሚስቱ ጆሮዋን አፉ ላይ አስጠግታ ቆየችና ቀና አለች። «አልገባኝም» አለችው፣ ለእሱ። ለእኔ አይደለም የነገረችው። ያን ጊዜ ያየኝን አስተያየት አልጽፈውም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ሰው በሽታውን ከሌላ ይደብቃል፤ እኔ ከበሽተኛው ደበቅሁት።

ግንቦት ላይ ራሴ ሮጬ የንስሐ አባቱንና ሁለት ሽማግሌዎች ጠራሁ። ቄሱ ከመደቡ አጠገብ ቁጭ ብለው ብዙ አዩት። «ይህ ልጅ አፍ ሳለው ምን ትሠሩ ነበር?» አሉ። ሚስቱ ወደ እኔ አላየችም፤ ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት አዩ። እኔ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቆሜያለሁ።

ዘዴውን ቄሱ አመጡ። «አዎ ስትል ዓይንህን ክደን፤ አይደለም ስትል ግለጥ። እግዚአብሔር በዚህም ይሰማል።» እየጠየቁት ጻፍሁ። በሬው ለሚስቱ? ከደነ። መቃብሩ ከአባታችን ጎን? ከደነ። የበደልኸው፣ የበደለህ አለ? ከደነ። ትምራለህ? ትንሽ ቆየ፤ ከደነ። ቄሱ ፈቱት፣ ሽማግሌዎቹ በጽሑፉ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እንኳን ተናዘዘ፤ አሁንስ ቀሎታል» ተባለና ሄዱ።

አልቀለለውም። ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ። ስነሣ ይከተለኛል፤ ስቀመጥ ይይዘኛል።

የፊደል ገበታዬን አመጣሁ። ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ፤ ሁለት ወር ሙሉ የፈጀብኝን ነገር በተኛበት ሊማር! «ይህ ሀ ነው፣ ይህ ለ ነው» አልሁት፣ በጣቴ እያሳየሁ። ዶሮ የጫረችውን መሬት እንደሚያይ ሰው አየው። ድንገት ፊቱ ተጨማደደ፣ እንባው ወረደ። ይሣቅ ያልቅስ አላወቅሁም፤ በሽታው ሁለቱን አንድ አድርጎበት ነበር። ገበታውን አጥፌ ወሰድሁት።

ከዚያ ጥያቄ ሆነ ሥራዬ። የሰኔ እርሻ ደርሷል፤ የሁለታችንም በሬዎች ቆመዋል፤ እኔ መደብ ሥር ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ። ስለ በሬው ነው? ዓይኑ አልተከደነም። ስለ ሚስትህ? አይደለም። የደበቅኸው ነገር አለ? አይደለም። የምትፈልገው ሰው አለ? አይደለም። ከወገን ስም፣ ከአጥር ወሰን፣ ከጠብና ከእርቅ ያልነካሁት አልነበረም። አንዱን ብቻ እዘልለዋለሁ። የምዘልለውን አውቀዋለሁ፤ እሱም እንደምዘልል ያውቃል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚስቱ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።

«ሐኪሙ ያለኝን ነው?» አልሁት።

ከደነ። ከድኖም ቆየ።

«አውቅ እንደ ነበር ነው የምትጠይቀኝ?»

ገለጠ፤ እንደገና ከደነ።

«አውቅ ነበር፣ ወንድምዓለም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠህ ስትጠብቀኝ አውቅ ነበር። ምላሱ ይቀድማል ብሎኛል። የሚናገረውን ይናገር ብሎኛል። ሽማግሌ ጥራ ስትለኝም ሰምቼሃለሁ።»

ዓይኑን ገለጠው። ቁጣ ፈለግሁበት፤ አላገኘሁም። ያለ ቁጣ ሰው ሲያይ እንዲያ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ብነግርህ ትሰድበኝ ነበር?»

እንደ ገለጠ ነው።

«ታለቅስ ነበር?»

እንደ ገለጠ ነው።

«ለእኔ የምትለኝ ነበረህ? ለእኔ ብቻ?»

ከደነ። ጠበቅ አድርጎ፣ ሽፋሽፍቱ እስኪንቀጠቀጥ ከደነ። ከዚያ ገልጦ ጠበቀኝ።

«ምን?» አልሁት።

ለዚህ ዓይን ምን ያደርጋል? ይከደናል ወይም ይገለጣል። ይህን እያወቅሁ ደግሜ «ምን?» አልሁት። እጁን ያዝሁ፤ አጥንትና ቆዳ ብቻ ቀርቷል። ጉሮሮው ውስጥ ያ ድምፅ ተነሣ፣ ምራቁ አነቀው፣ በጎኑ አዞርሁት፣ አፉን ጠረግሁለት፣ መልሼ አስተኛሁት። አሁንም ያየኛል። እኔም አሁንም «ምን?» እላለሁ።

ሚስቱ እንስራዋን አውርዳ በሩ ላይ ቆማ ስታየን ነበር።

«ተወው» አለችኝ። «ደክሞታል።»