በሬዲዮ የሰማሁት ጉዞ

ከኤርትራ ጋር በተዋጋንበት ዘመን ደሴ ውስጥ ሬዲዮ እጠግን ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንም የድምፅ ማጉያ ሲበላሽ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቴ የነበሩ፣ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ፣ አባታቸው ከየመን ያመጡትን ትልቅ ሬዲዮ አሸክመው መጡ። በሌላ ሬዲዮ ጩኸት ብቻ የሚሆነውን ሞገድ ያ ሬዲዮ አጥርቶ ያሰማል። ጠግኜ ስሞክረው የወታደሮች ንግግር ሰማሁ። የምስጢር ቃል የለ፣ ምን የለ፤ ማን እንደታመመ፣ የት ጫማ እንዳለቀ በጠራ አማርኛ ያወራሉ።

ሐጂን ጠርቼ አሰማኋቸው።

"ወላሂ፣ ይሄ ደግ አይደለም" አሉ። "አንተ ደሴ ቁጭ ብለህ ከሰማህ ባላጋራውን ምን ያግደዋል?"

"የጦር ነገር ነው ሐጂ፤ እነሱ ያውቁበታል" አልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ማዳመጡ ጥሞኝ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አንዱ ድምፅ፣ "ነዳጅ የጫኑት ቦቴዎች ነገ ማለዳ ከኮምቦልቻ ይነሳሉ። ሚሌን አልፈው ደረቁ ወንዝ ጋ ቆመው አጃቢ ይጠብቃሉ" አለ። ሌላው አልሰማሁም ስላለው ጮክ ብሎ ደገመለት። የእህቴ ባል የቦቴ ሾፌር ነበር፤ ለዚያ ጉዞ ከተጠሩት አንዱ።

ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የእህቴን ቤት በር አልፌ በቀጥታ ወደ ጦር ካምፑ ሄድኩ። አንድ መቶ አለቃ ፊት አቀረቡኝ። የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርኩት።

"በማን ፈቃድ ነው የምታዳምጠው?" አለኝ።

"ጌታዬ፣ እኔን ተወኝ። መንገዱን ቀይሩላቸው።"

"አንተ ነህ መንገድ የምታስተምረን?"

ሦስት ቀን አሰሩኝ። ሬዲዮውንም ከሱቄ ወሰዱት። ቦቴዎቹ በተባለው ሰዓት ተነሱ።

ስፈታ አማቼ ሆስፒታል ተኝቶ አገኘሁት። ሁለት እጆቹ ተቃጥለው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሁለት ጓደኞቹ ከመኪናቸው አልወጡም። "ሞተር እንኳ ሳናጠፋ ነው መድፉ የወረደብን" አለኝ። "የምንቆምበትን ያወቁ ይመስላል።" በሬዲዮው ይሁን በሌላ መንገድ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኔ ግን የሰማሁትንና የደረሰብኝን ሁሉ ለእሱና አጠገቡ ለተቀመጠችው እህቴ እዚያው ነገርኳቸው።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

"በራችንን አልፈህ ነው ካምፕ የሄድከው?"

"እነሱ ያስቀሩታል ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ አስቀረው ነበር።"

አማቼ፣ "ብትነግሩኝም እሄድ ነበር፤ ግዳጅ ነው" አለ። ለእኔ አዝኖ ይሁን እውነቱ ያ ይሁን አልጠየቅኩትም። ድክም ብሎኝ ነበር።

ሐጂን ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ "አብሽር፣ ዕቃ ነው" አሉኝ እንጂ ስለ ሬዲዮው ዳግም አላነሱብኝም። አማቼ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። እህቴም እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ምሳ ትጠራኛለች፤ ስለዚያ ቀን ግን ተነጋግረን አናውቅም።