ታደለች አምና የነገረችኝን ክፍል ውስጥ አወራሁት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

ጂንካ ውስጥ አማካሪዎች ሲሠለጥኑ፣ ሐዘን የደረሰበትን ሰው እንዴት ማገዝ እንደሚቻል የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ታደለች ከኦሞራቴ የመጣች ነርስ ናት። ባሏን ወንዝ ከወሰደው ዓመት አልሞላውም ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ሲያልቅ ወደ ኋላ ቀረችና፣ «መምህር፣ የሞተ ዕለት ጠዋት ተጣልተን ነበር። ‹እንደወጣህ ቅር› ብዬዋለሁ። ይህን ማንም አያውቅም» አለችኝ። አለቀሰች። ከእኔ እንደማይወጣ ቃል ገባሁላት።

በሳምንቱ ስለ ጸጸት ሳስተምር፣ ከምሳ በኋላ ነበርና ክፍሉ ሁሉ ያንቀላፋል። ምሳሌ ፈለግሁ። የእሷን አነሣሁ። ስሟን አልጠራሁም፤ ግን ወንዙን ተናገርኩ፣ የጠዋቱን ጠብ ተናገርኩ፣ «እንደወጣህ ቅር» ማለቷንም ተናገርኩ። ሁሉም ቀና ብሎ ያዳምጠኝ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ታደለች ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

ከሠልጣኞቹ አንዷ የታደለች ባል የአክስት ልጅ መሆኗን አላወቅሁም። ባውቅስ ዝም እል ነበር? እንጃ። ወሬው ኦሞራቴ ደረሰ። የባሏ እናት «ልጄን ረግማ ገደለችው» አሉ፤ ለሥልጠና ስትመጣ እሳቸው ዘንድ የተወቻትን ትንሽ ልጇንም አልሰጥም አሉ።

ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ ምን አድርጌዎት ነው?»

ምን ብዬ መለስኩ? «ስምሽን አልጠራሁም» አልኳት።

«እንግዲያው አማቴ ዘንድ አብረውኝ ይሂዱ። እርስዎን ይሰማሉ። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንዲህ እንደሚባባሉ ያስረዱልኝ።»

ፈተና አርማለሁ አልኳት። የማርመው ፈተና አልነበረኝም። ምስጢር አወጣ መባልን ፈርቼ ነው።

ልጇን በሽማግሌ ያገኘቻት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ልጅቷ እናቷን ስታይ አያቷ ቀሚስ ሥር ተደበቀች አሉ። ታደለች ሥልጠናውን አልጨረሰችም። እኔ ግን ማስተማሬን ቀጠልኩ፤ ምስጢር ስለ መጠበቅ ጭምር።

ወጣት ነበርኩ ልበል? ለትምህርቱ ብዬ ነው ልበል? ሰው አምኖ የነገረኝን ሐዘን እኔ እንቅልፍ መቀስቀሻ አደረግሁት። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ታደለች አሁን አልዱባ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ። ከቤቴ በጠዋት ሚኒባስ ሄጄ ለምሳ መመለስ እችላለሁ። ይህን ካወቅሁ ስንት ዓመቴ። አልሄድኩም።