ጥቁር አዝሙድ ሲያብብ

ልጄ ሰሞኑን ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ካለ ሱቅ ለፀጉሯ ብላ አንዲት ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ገዝታ መጣች። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬን ሰንጥቆ ገባና አምስተኛ ክፍል ወስዶ አስቀመጠኝ። ጥቁር አዝሙድ! ልጄ ጠርሙሱ ላይ የተሳለችውን ሰማያዊ አበባ እያሳየች፣ "እማዬ፣ ይኼ ደግሞ የምን አበባ ነው?" ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ለዚያች አበባ ብዬ ያልሆንኩት ነገር አልነበረማ!

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ቦሌ፣ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር የሳህን መደርደሪያችን የሚንጫጫበት ሰፈር ነበር። በአንድ ግቢ ሦስት ቤተሰብ ነን። እናቴ ጥቁር አዝሙድ የምትለውን፣ የትግራይዋ ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን አውሰዳ ይሉታል፤ ወሎዬዋ እትዬ ዘይነባ ደግሞ ሐበሱዳ። እናቴ ለዳቦና ለበርበሬ ካልሆነ አታስታውሰውም። እትዬ ለተብርሃን ለራስ ምታት ይምሉበታል። እትዬ ዘይነባ ግን "ከሞት በቀር የማታድነው የለም" ባይ ነበሩ። ልጅ ያስነጠሰ ዕለት ሦስቱም ይስማማሉ፦ ፍሬውን በመዳፍ አሸት አሸት አድርጎ፣ በጨርቅ ቋጥሮ፣ "በል አሽትት!" ነው። ታናሽ ወንድሜ ሚኪ አፍንጫው ደርቆ የማያውቅ ልጅ ስለነበር ቋጠሮው ከአንገቱ አይወርድም ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ የሚኪን ቋጠሮ እያሰሩ ስለ አበባው አጫወቱኝ። አባታቸው ማሳ ላይ ሲያብብ ሰማይ መሬት የወረደ ይመስል ነበር አሉ። ተድረው አዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ ግን ዓይተውት አያውቁም። "እዚህ ፍሬውን እንጂ አበባውን ማን ያውቀዋል ልጄ" ብለው ቋጠሮውን ጠበቅ አደረጉት። "እኔ አሳይዎታለሁ!" አልኩ፣ እንዴት እንደማሳያቸው ሳላስብ።

እግዜር ሲረዳ፣ በዚያው ሰሞን የእርሻ አስተማሪያችን ጋሽ መንገሻ ትምህርት ቤታችን ጓሮ ውስጥ መደብ አከፋፈሉን። በአጥሩ ላይ በቀይ ቀለም "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!" የሚል መፈክር ተጽፏል። ሌላው ሁሉ ጎመንና ካሮት ዘራ። እኔ ከእናቴ የቅመም ቆርቆሮ አንድ እፍኝ ጥቁር አዝሙድ ለምኜ ወሰድኩና በመፈክሩ ሥር ዘራሁ።

የሰው ጎመን ብቅ ብቅ አለ። የእኔ መደብ እንደ ራሰ በራ ያብረቀርቃል። ጠዋት ውኃ፣ ከሰዓት ውኃ፣ ምንም የለም። ጎመን የዘሩት ልጆች "ወጥ ነው እንዴ የምትሠሪው?" እያሉ ቀለዱብኝ። እናቴን ስጠይቃት "ታገሺ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትለኛለች። ኋላ ጋሽ መንገሻ መጥተው አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉና፣ አንድ አውሮፕላን በላያችን እስኪያልፍ ጠብቀው፣ "ዘርሽ የሞተ ነው። ነገ ሌላ ዘር ካላመጣሽ መደቡን ለጎመኖቹ እሰጣለሁ" አሉኝ።

እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ዕንባዬን እየጠረገች ስታባብለኝ ቆየችና ድንገት አፏን በእጇ ያዘች።

"ውይ በሞትኩት! የታመሰውን እኮ ነው የሰጠሁሽ!"

ለበርበሬ ብላ አምሳ ያስቀመጠችውን ነበር የዘራሁት። እኔ ሳለቅስ እሷ በሳቅ ፍርስ አለች። የተቀቀለ እንቁላል በምን እግሩ ይሂድ?

ጥሬ ፍለጋ ግቢውን አካለልኩት። እትዬ ለተብርሃን ያላቸው የተፈጨ ነው። እትዬ ዘይነባ ዕቃቸውን ገልብጠው አራገፉና፣ "ያለችኝን ጥሬ ለሚኪ ቋጠርኳት እኮ" አሉ። ዞር ስንል ሚኪ ቋጠሮውን በሁለት እጁ ጨብጦ በር ላይ ቆሟል።

"አልሰጥም! እሞታለሁ!"

"ከሞት በቀር ነው የምታድነው ተባልክ እኮ!" ብዬ ብለምነው ወይ ፍንክች። በመጨረሻ በጀርባዬ አዝዬው እስከ ኤርፖርቱ አጥር ወስጄ አውሮፕላን ላሳየው ተስማማን። ያን ያህል መንገድ አንገቴ ላይ እያስነጠሰ ሄደ። በማግስቱ ቋጠሮውን ፈትቼ፣ ሽታው ያልለቀቀውን ፍሬ መደቤ ላይ በተንኩት።

በቀለ! መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ ነገር፣ ከዚያ እንስላል የመሰለ ቅጠል። ቁመቱ ከጉልበቴ ሲጠጋ፣ ጥር ላይ አንድ ጠዋት፣ አንዲት አበባ ተከፍታ አገኘኋት። ሰማያዊ ናት ቢሏት ነጭ፣ ነጭ ናት ቢሏት ሰማያዊ። በእረፍት ሰዓት በአጥር ቀዳዳ ሾልኬ ቤት በረርኩ። እትዬ ዘይነባ ልብስ እያጠቡ ነበር። እጃቸው አረፋ እንደያዘ ጎትቼ አመጣኋቸው።

መደቡ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ጣታቸውን ወደ አበባዋ ሰደዱና አረፋውን ሲያዩ መለስ አደረጉት። ደስ አላላቸውም መሰለኝና ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብለው እልልታቸውን ያቀለጡት!

እረፍት አብቅቶ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። ተማሪው ምን የምሥራች እንደመጣ ሳያውቅ እየተንጋጋ ወጣ፤ ግማሹ አብሮ እልል አለ። ጋሽ መንገሻ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡ።

"ምንድነው? ምን ተገኘ?"

"አብሽሩ የኔታ፣ ሐበሱዳዬ አበበች! በሚኪ ንፍጥ በቀለች ወላሂ!" አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ዕንባቸው በሳቃቸው ላይ እየወረደ። ጋሽ መንገሻ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና፣ መፈክሩንም አበባዋንም አየት አድርገው፣ ሳቃቸውን በጠመኔ እጃቸው ሸፈኑ።

ዛሬ ያ ጓሮ ፎቅ ቆሞበታል። ሚኪም ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አፍንጫውም ደርቋል። እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆዩ፤ እንዳሉትም ሐበሱዳ ለሞት አልሆነችም። አሁን ጥቁር አዝሙድ በጠርሙስ ታሽጎ፣ አበባው ተስሎበት ይሸጣል። ቋጥሮ አንገት ላይ የሚያስርልሽ ጎረቤት ግን አብሮ አይሸጥም። ይኼ ይቆጨኛል።

ጠርሙሷን ባሸተትኩ ማግስት ገርጂ ካለችው ባለሱቅ ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ።

"የታመሰ ነው ጥሬ?" አልኳት አፍጥጬ።

"ጥሬ ነው ማዘር፤ ምን ሊያደርጉበት ነው?"

በረንዳዬ ላይ፣ በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ዘርቼዋለሁ። እንደ ክር የቀጠነው ነገር ብቅ ብሏል። ያበበ ዕለት የእትዬ ዘይነባን እልልታ የማቀልጠው እኔ ነኝ፤ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ከአሁኑ ይወቁት።