ለላንቴው ሾላ የተለመነ ግማሽ ቀን

ንጋት 12 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ

ባጃጃችን ከሲቀላ ሰፈር ስትነሳ ሰማዩ ገና አልጠራም። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ብልቃጥ፣ አጉሊ መነጽርና ከሰፈሬ ሾላ የቆረጥኳቸው ጥሬ ፍሬዎች አሉ። ሾላና ፍሬው ውስጥ የምትራባው ትንሽ ተርብ በዘር እንዴት እንደተሳሰሩ አጠናለሁ። ብዙ ናሙና የወሰድኩበትን የላንቴውን ሾላ ባለቤቱ አቶ መርክነ ዛሬ ሊያስቆርጡት ነው።

«ለዛፍ ብለሽ ነው በዚህ ሰዓት?» አለኝ ሾፌሩ።

«ለዛፍና ለተርብ።»

«እህቴ፣ ተርብማ ይነድፋል!»

«ይቺኛዋ አትነድፍም።»

2 ሰዓት፣ ላንቴ

ግራና ቀኙ ሙዝ ነው። አቶ መርክነ አንዱን የሾላ ፍሬ ፈልጠው አሳዩኝ፤ ጤፍ የሚያካክሉ ተርቦች ይርመሰመሳሉ።

«ይሄ ተባይ ወደ ማንጎዬ ሳይሻገር ዛፉን ልቁረጠው። ባለመጋዞቹ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ።»

«አይሻገርም።»

«በምን አወቅሽ?»

ስለ ዘረመል ሌክቸር ጀመርኩ። እሳቸው ማንጎአቸውን ያያሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወሬ ማሳ አይጠብቅም። «እስከ ዘጠኝ ይታገሱኝ፤ ማንጎ ላይ ይሰፍሩ እንደሆነ እናያለን» አልኩና ተርብ ያዘለ የበሰለ ሾላ፣ ካመጣኋቸው ጥሬ ፍሬዎች ጥቂቱንና የማንጎ ቁራጭ አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ። አፉን ከዶርዜ በገዛሁት ነጠላ አሰርኩት።

4 ሰዓት

ተርቦቹ ከፍሬው ወጡ። ከብልቃጡም ወጡ፣ በነጠላው ቀዳዳ! አፈርኩ። የዶርዜ ሸማኔ ልጅ የሆኑት የአቶ መርክነ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ነጠላ እኮ ነፋስ እንዲያስገባ ነው የሚሠራው! አባቴ ቢያይሽ ያዝንልሽ ነበር።»

ጥቅጥቅ ያለ የአሮጌ ቡልኮ ቁራጭ አመጡልኝ። ሁለተኛውን ብልቃጥ እንደ መጀመሪያው ሞልቼ በሱ አሰርኩ።

9 ሰዓት

ባለመጋዞቹ ደረሱ። አጉሊ መነጽሩን ለአቶ መርክነ ሰጠኋቸው። ማንጎው ላይ አንድም ተርብ የለም፤ ሁሉም ጥሬው ሾላ ላይ ሰፍረዋል። አንዷ በጠባቧ የፍሬ አፍ ጭንቅላቷን ሰክታ ትታገላለች።

«ክንፏ ተቆረጠ!» አሉ።

«ተመልሳ አትወጣም፣ አባባ። አበባው ፍሬው ውስጥ ነው፤ የአበባ ብናኝ አድርሳለት፣ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ያለሷ ሾላው ዘር የለውም፣ ያለሱ እሷ ልጅ የላትም። ሽታውን የምትለየው ከእናት እናቶቿ በወረሰችው ነው፤ የማንጎ ሽታ ለሷ ምኗም አይደለም።»

አቶ መርክነ ቡልኮውን ፈተው የማንጎውን ቁራጭ አወጡ፣ በመነጽሩ አገላብጠው አዩት፣ አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

እያኘኩ ወደ ባለመጋዞቹ ዞሩ። «ዛሬ ሥራ የለም» አሉ።