ለዶሮ የተፈታ አፍ

አክስቴ አፏን በነጠላ ሸፍና ስትቀመጥ ያየ ሁሉ ቅድስት ትመስለው ነበር። እኔ ግን አብሬያት እኖር ነበርና አልተታለልሁም።

ነገሩ የመጣው ከነፍስ አባቷ ነው። ፍልሰታ ሊገባ ሲል ቤታችን መጥተው፣ ሠራተኛዪቱም እኔም እየሰማን፣ «ልጄ፣ ከሆድሽ ይልቅ ምላስሽን ግቺ። በዚህ ጾም ለቤትሽ ሰው ክፉ አትናገሪ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለያንዳንዳቸው በጎ ቃል ስጪ» አሏት። አክስቴ እጅ ነሣች። ኋላ አሰበችበት መሰለኝ። ክፉ አለመናገሩ ይቻላል፤ በጎ መናገር ግን ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ስለዚህ ጭራሹን ላትናገር ስእለት ገባች።

ጎረቤት ተደነቀ። «ምነው እንዲህ ያለውን ጽናት ለእኛም በሰጠን» ይላሉ ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ። ጽናት! ቤት ውስጥ በሳል ትገዛን ነበር እኮ። አጭር ሳል ውኃ አምጪ ማለት ነው፤ ረዥም ሳል የት ገባሽ አንቺ ሰነፍ። ራስን መግዛት የሚከብደውን መሸከም ነው ብለው አባ አስተምረውን ነበር። አክስቴ የሚከብደውን ትታ የሚታየውን ተሸከመች፤ እሱንም ሰው በሚያልፍበት በኩል።

ዝምታዋ እኔን ያገኘኝ በትምህርቴ ነው። ስምንተኛን አልፌ ሁለተኛ ደረጃ ልገባ ነበር፤ ምዝገባው በጾሙ መካከል ዋለ። ልጃገረዶች በዓመቱ አጋማሽ ለባል እየተወሰዱ ቦታው ባዶ ስለሚቀር ዲሬክተሩ ተማርሯል። «አሳዳጊሽ ራሷ መጥታ እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች ብላ በቃሏ ትናገር፤ እስከ ዓርብ ካልመጣች ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» አለኝ። ያ ካልሆነ በማኪና ወደ አገሬ ወደ ድብ ባሕር መመለስ ነው። እዚያ አባቴ ለአንድ ባለ ብዙ በሬ ጎልማሳ ሊድረኝ ነገር ጀምሯል።

ሰኞ ለመንኋት። ሳለች። ማክሰኞ ለመንኋት። ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች።

ሐሙስ ዝናቡ ጋብ ሲል ለፍቺው ጠላ የሚሆነውን ብቅል ሰሌን ላይ አሰጣነው። የጎረቤት ዶሮዎች ሰፈሩበት። አክስቴ ከመደቡ ብድግ አለችና፣ «እሽ፤ ፈንግል ይጨርሳችሁ፣ እናንተ የሌባ ዘሮች፣ ከነባለቤታችሁ» አለች። ጥርት ያለ አማርኛ።

«እትዬ» አልኋት፣ «ለዶሮ የተፈታ አፍ ለእኔም ይፈታ እንጂ። አንድ ቃል ነው።»

ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ፤ ከዚያ እንደ ገና አፏን ሸፈነች።

በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለነፍስ አባቷ ሁሉን ነገርኋቸው፤ ፈንግሉንም ሳልተው። አባ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ።

«እኔ ዝም በይ ብያታለሁ እንዴ?»

«አላሉም። በጎ ተናገሪ ነው ያሉት።»

«እና ዝምታው ቀለላት» አሉና መቋሚያቸውን አነሡ።

በማግስቱ አክስቴ ዲሬክተሩ ፊት ቆመች፤ አባ ከኋላዋ። ትማራለች ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«በቃልዎ ይሁን፣ እመቤት» አላት።

ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ፊቷን ቋጥራ፣ «እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች» አለች። ከኋላዋ የአባ ሳል ተሰማ፤ አጭር ሳል።

«ሸጋ ልጅ ናት» ብላ ጨመረች፣ ወለሉን እያየች።

ቤት እንደ ደረስን ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ምሥራቅ ዞረችና ትሰግድ ጀመር። ሠራተኛዪቱ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ምነው፣ ዛሬ ስግደቱ በዛሳ?» አለችኝ።

«ስእለቷን አፍርሳ ነው።»

«ዶሮዎቹን በመራገሟ?»

«ኧረ እሱንስ ከቁም ነገር አልጣፈችውም» አልኋት። «እኔን በማመስገኗ ነው።»