አርባ ሦስት ለስድስት አልካፈል ያለ ዕለት

ጋሽ ኃይሌ የክፍሌ ዝርዝር ያለበትን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉና «ይቺ የተረፈችው ማን ናት?» አሉኝ።

ጊዜው አንድ ለአምስት አገሩን ያጥለቀለቀበት ነው። ቀበሌው አንድ ለአምስት፣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ለአምስት፣ ተማሪውም አንድ ለአምስት... አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ልጆች ይይዛል፣ በድምሩ ስድስት ይሆናሉ። እኔ ቦንጋ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ አስተምር ነበር። እሳቸው ደግሞ ይህን አደረጃጀት የሚቆጣጠሩ ሱፐርቫይዘር ናቸው።

ክፍሌ አርባ ሦስት ልጅ ነበረው። ሰባት ቡድን አወጣሁ፣ አንዲት ልጅ ተረፈች። አልማዝ ትባላለች፣ የማንኪራ ገጠር ልጅ ናት። ቡና ለቀማ ይዟት ስለነበር ከሁሉም መጨረሻ የተመዘገበችው እሷ ነች። ቦንጋ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ነው የምትማረው፤ አንዴ ተመለሺ ከተባለች ደግማ የሚልካት የለም።

«ጋሽ ኃይሌ፣ አርባ ሦስት እኮ ፕራይም ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ስድስትን ተዉት፣ በሌላ ቁጥር ቢሞክሩትም ይተርፋል።»

«አስተካክለው።»

ምኑን ነው የማስተካክለው? ቁጥሩን?

«እሺ፣ አንዱ ቡድን ሰባት ይሁን» አልኩ።

«አንድ ለስድስት? መመሪያው አንድ ለአምስት ነው የሚለው! ወደ ስምንተኛ ለ ክፍል አዛውራት።»

«እዚያ አርባ ሁለት ናቸው፣ ልክ ሞልተዋል። እሷ ከገባች እነሱም አርባ ሦስት ይሆናሉ!»

ትንሽ አሰቡ... ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው ስሟ ላይ አሳረፉት። «እንግዲያው ምዝገባዋ ይሰረዝና ለከርሞ ትምጣ።»

ደሜ ፈላ። አርባ ሦስትና ስድስት ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ልጅቷ ከትምህርት ልትባረር ነው! ሰው ተረፈ ብሎ የሚጥል ሂሳብ የት አገር ነው ያለው?

«ኮ-ፕራይም ናቸው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰባተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት! ስምንትና ዘጠኝ ለየብቻ ይካፈላሉ፣ የጋራ አካፋያቸው ግን አንድ ብቻ ነው ብለው በቡና ፍሬ ደርድረው ያሳዩን እርስዎ!»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አልጠፋኝም... ግን ቅጹ ላይ ቀሪ የሚጻፍበት ቦታ የለም» አሉኝ።

ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ባያውቁ ኖሮ እኮ አስረዳቸው ነበር!

ቅጹን ከእጃቸው ሥር ነጠቅኩ። ከሥሩ መስመር አሰመርኩና «ቀሪ፦ አንድ፤ ትማራለች» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። አልማዝም ዓመቱን ሙሉ ተማረች።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ግምገማ ተቀመጥን። «የአመለካከት ችግር አለበት፣ ለአደረጃጀቱ እንቅፋት ሆኗል» ተባልኩ። ሂሱን ያቀረበው ማን ይመስላችኋል? ጋሽ ኃይሌ ራሳቸው!

ሰብሳቢው «ግለ ሂስ አድርግ» አለኝ። ተነሳሁ።

«ጥፋቴ፣ ልጅ እያለሁ ጎበዝ የሂሳብ አስተማሪ ማግኘቴ ነው» አልኩ።

መምህራኑ ሁሉ ማን እንዳስተማረኝ ያውቃሉ፣ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ኃይሌ አንገታቸውን ደፍተው ስብሰባው እስኪያልቅ ቀና አላሉም።

እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም... ግን እንዴት አድርገው ነበር የሚያስተምሩት!