ቅድሚያ ምስጋና

በዚያ ከተማ ስብሰባ የሚጠራ ሁሉ ሦስት ነገር ሳያዘጋጅ አይጀምርም፤ ማይክሮፎን፣ የታሸገ ውሃና እትዬ ምስጋናን። እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ያሳጥራሉ፣ በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ያስረዝማሉ። አንደበታቸው ለዛ ስላለው ግን የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ማኅበር ተወካይ ሆነው ከተመረጡ ወዲህ በየስብሰባው ማብቂያ የምስጋና ንግግር የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ለቦይ አመስግነዋል፣ ለቦዩ ክዳን አመስግነዋል፣ አንድ ጊዜማ ክዳኑ ለምን እንደዘገየ ለተሰጠው ማብራሪያ አመስግነዋል።

ባላቸው ይስቁባቸዋል። "አንቺ እኮ ጣሪያችን በነፋስ ቢነቀል፣ ሰማዩ ታየን ብለሽ ታመሰግኛለሽ።"

"ታዲያ አንተን ሠላሳ ዓመት የቻልኩህ በምን መሰለህ?" ይላሉ እሳቸው፣ መርፌ ከጥርሳቸው ሳይነቅሉ።

ዘንድሮ የብሔራዊው የአየር ንብረት ዕቅድ ረቂቅ ለውይይት ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ ቤታቸው ተላከ። መቶ አሥር ገጽ ነው። እትዬ ምስጋና መነጽራቸውን ጠርገው እስከ ሠላሳ አራተኛው ገጽ በትዕግሥት ደረሱ። እዚያ ላይ ጎርፍ የሚያሰጋቸው የወንዝ ዳር መኖሪያዎች እንደሚነሡ ተጽፏል። ወዴት እንደሚሄዱ ለማግኘት የቀረውን ሁሉ ገለበጡ። ስለ ዛፍ አለ፣ ስለ ወፍ አለ፤ የሰፈራቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤቶች የት እንደሚገቡ ግን አንድ መስመር የለም። ጎርፉን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ባለፈው ክረምት የስፌት መኪናቸውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለው ነው ያለፉት። መነሣቱን አልጠሉም። ሜዳ ላይ መጣሉን ነው የፈሩት።

በስብሰባው ላይ ከሲቪል ማኅበራት የመጣች ወጣት ጠበቃ ይህንኑ አነሣች። "መኖሪያ ቤት ሰብአዊ መብት ነው፤ ምትክ ሳይዘጋጅ ማንም ሊነሣ አይገባም" ብላ አንቀጽ መጥቀስ ስትጀምር፣ መድረኩን የያዙት የመምሪያ ኃላፊ ሰዓታቸውን አዩ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በሂደት እናየዋለን" አሉ።

በሂደት ወደሚባለው ቦታ ሄዶ የተመለሰ ጥያቄ እትዬ ምስጋና አይተው አያውቁም። እጃቸውን አወጡ።

"እርስዎ እኮ መጨረሻ ላይ ፕሮግራም አለዎት" ተባሉ።

መጨረሻው ደረሰ። ማይክሮፎኑን ተቀበሉ። እንደ ወትሯቸው ከአዳራሹ ጀመሩ፤ ስለ ወንበሩ ምቾት፣ ስለ ውሃው ቅዝቃዜ አመሰገኑ። ኃላፊው ፈገግ ብለው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ያዙ።

"ከሁሉ በላይ ግን ክቡር ኃላፊያችንን አመሰግናለሁ" አሉ እትዬ ምስጋና። "ምትክ ቤት ተሠርቶ ቁልፉ እጃችን ሳይገባ፣ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ቤቶች አንዱም አይነካም ስላሉን እግዜር ይስጥልን። ቃልዎ ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ እንዲሰፍር ስለፈቀዱም ዕድሜ ይስጥዎ።"

ጠበቃዋ ተነሥታ አጨበጨበች፤ ከኋላ ያሉት ተከተሏት፤ ወዲያው ሁሉም ቆመ። ኃላፊውም ለራሳቸው በሚጨበጨበው ጭብጨባ ግራ ተጋብተው አብረው አጨበጨቡ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ብቻ ብዕሯን አንሥታ የኃላፊውን ዓይን ዓይን ታያለች።

ሰው መበተን ሲጀምር ኃላፊው ከመድረክ ወርደው ወደ እትዬ ምስጋና መጡ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ እንደሱ አላልኩም" አሏቸው ድምፃቸውን ቀንሰው።

"አውቃለሁ። ብለውት ቢሆን ኖሮ ትናንት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።"

ኃላፊው ቀረብ አሉ። "ቤትዎ የትኛው ነው?"

"ከድልድዩ ሥር ሦስተኛው። ባለፈው ክረምት ውሃው እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር" አሉና መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ድምፃቸው ላይ የመድረክ ለዛ አልነበረም።

ኃላፊው የእሳቸውን መዳፍ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዧ ዞሩ። "እንደተናገሩት አድርገሽ ጻፊው። እኔ እፈርማለሁ።"

እትዬ ምስጋና አጠገባቸው ያለውን ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።